ለቤዝ ጊታር ኦቨርድራይቭ ፔዳል እንዴት ይመረጣል? ታችኛው ድምፅ እንዳይጠፋባችሁ

በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልዲያ ቤዝ ከሚጫወቱ ልጆች አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል፦ «ኦቨርድራይቭ ልገዛ ነው፤ የቱን ልግዛ?» ከገዙ በኋላ ደግሞ ሌላ ይመጣል፦ «ፔዳሉን ስረግጠው ቤዙ ለምን ይጠፋል?» የሁለቱም መልስ አንድ ነው። ለቤዝ የሚሆን ኦቨርድራይቭ ስትረግጡት ታችኛው ድምፅ ባለበት የሚቆይ ነው። የምርቱ ስምና ዋጋው ከዚያ በኋላ ይታያሉ። ከታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ተከተሉ፤ አንዱ ደረጃ ለሚቀጥለው መልስ ስለሚሰጥ መዝለል አያዋጣም።

መጀመሪያ ፔዳሉ ምን እንደሚሠራ። ኦቨርድራይቭ ከቤዙ የመጣውን ሲግናል ያጎላውና ጫፍና ጫፉን ለስለስ አድርጎ ይቆርጠዋል። ጫፉ ሲቆረጥ ያልነበሩ ወይም ደካማ የነበሩ ሃርሞኒኮች ይወጣሉ። የባለ አራት ክር ቤዝ ወፍራሙ ኢ ክር 41 ሄርዝ ገደማ ነው፤ ፔዳሉ 82፣ 123፣ 164 እያለ ወደ ላይ የሚሄደውን ብዜቱን ያጎላል። የስልክ ስፒከር 41 ሄርዝን ጨርሶ አያወጣም፣ በየድንኳኑ የሚቆመው ትንሽ ሳጥንም እንደዚያው ነው። የላይኞቹን ብዜቶች ግን ያወጣሉ፤ ጆሮም ከእነሱ ተነሥቶ ዋናውን ድምፅ ራሱ ይሞላዋል። ሰው ሠርጉን በስልክ ቀርጾ ሲያዳምጠው ቤዙ እንዲሰማው የሚያደርገው ይህ ነው። ስለዚህ ለሮክ ብቻ የሚሆን ዕቃ አይደለም። በእርጋታ በሚሄድ የትዝታ ዘፈን ውስጥ፣ አድማጩ «ድምፁ ሻክሯል» ሳይል፣ ትንሽ ኦቨርድራይቭ ትልቅ ሥራ ይሠራል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ቤዛችሁ፣ ሁሌ የምትጫወቱበት ክር ላይ እንዳለ
- ሁለት ያልተበላሹ የ6.35 ሚሊ ሜትር ጃክ ኬብሎች
- ጆሮን ሙሉ የሚሸፍን ማዳመጫ
- በዝግጅት ላይ የምትሰኩበት ማጉያ ወይም ሚክሰር
- አዲስ የ9 ቮልት አልካላይን ባትሪ
- ቴስተር (የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሚይዘው)
- ከተገኘ ዲአይ ቦክስ (የቤዙን ሲግናል ለሚክሰር እንዲስማማ አድርጎ የሚያስገባ ትንሽ ሳጥን)
- ከባንዱ ቢያንስ ኪቦርዲስቱ

ኪቦርዲስቱን ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባሁበት ምክንያት 9ኛው ደረጃ ላይ አለ።

1. የምትሰኩበትን ቦታ ለዩ

ከሁሉም በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፦ ቤዙን የምሰካው በቤዝ ማጉያ ላይ ነው ወይስ በቀጥታ ሚክሰር ላይ? እኛ ጋ በሠርግና በአዳራሽ ዝግጅት ብዙ ጊዜ የቤዝ ማጉያ የለም፤ ኬብሉ በቀጥታ ሚክሰሩ ላይ ይገባል። ይህ ምርጫውን ከሥሩ ይቀይረዋል፤ ምክንያቱም ሁለት ነው።

አንደኛው የላይኛው ድምፅ ነው። የቤዝ ካቢኔት ከ4 ወይም ከ5 ሺህ ሄርዝ በላይ ያለውን ድምፅ እየቀነሰ ስለሚሄድ የኦቨርድራይቩን ሻካራ ጫፍ ራሱ ያለሰልሰዋል። የአዳራሽ ስፒከር ግን ለዘፋኝ ድምፅና ለሲምባል የተሠራ ሆርን ስላለው ያንን ጫፍ ሁሉ ያወጣዋል፤ የምትሰሙት «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ነው። በቀጥታ ሚክሰር ላይ የምትሰኩ ከሆነ የካቢኔትን ድምፅ በውስጡ የሚያስመስል ወይም ቢያንስ ላይኛውን የሚቀንስ ማዞሪያ ያለው ፔዳል ያስፈልጋችኋል።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያየው ነው። ፓሲቭ (በውስጡ በባትሪ የሚሠራ ማጉያ የሌለው) ቤዝ ከ500 ኪሎ ኦም እስከ 1 ሜጋ ኦም የሚደርስ መግቢያ ይፈልጋል። የሚክሰር የላይን መግቢያ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ኦም ነው። ቤዙ እዚያ ላይ ሲሰካ ጉልበቱም ጥራቱም ይወርዳል። ፔዳል በመካከል ሲገባ ይህን ያስተካክላል፣ ግን ሲበራ ብቻ ነው። «ትሩ ባይፓስ» የሚባሉት ፔዳሎች ሲጠፉ ቤዙን ከሚክሰሩ ጋር መልሰው በቀጥታ ያገናኙታል፤ ስትረግጡ ይነቃል፣ ስታጠፉ ይፈዛል። ስለዚህ ሚክሰር ላይ ለሚሰካ ሰው በውስጡ በፈር (ሲጠፋም ሲግናሉን የሚያጠነክር ክፍል) ያለው ወይም የራሱ ዲአይ መውጫ ያለው ፔዳል ይሻላል። «ትሩ ባይፓስ» የሚለው ጽሑፍ በሽያጭ ገጽ ላይ እንደ ክብር ቢጻፍም ለእናንተ ጥቅም ላይሆን ይችላል።

2. ቤዛችሁ አክቲቭ ነው ወይስ ፓሲቭ?

በጀርባው የባትሪ ቦታ ካለው አብዛኛውን ጊዜ አክቲቭ ነው። አክቲቭ ቤዝ ጠንካራ ሲግናል ስለሚልክ ፔዳሉን ድራይቩ (የሻካራነቱ ማዞሪያ) ዜሮ ላይ እያለም ሊያሻክረው ይችላል። ለዚህ «ፓድ» የሚባል መቀነሻ ማብሪያ ወይም የአክቲቭ መግቢያ ያለውን ፈልጉ። ከሌለው የቤዙን ድምፅ መቀነሻ ትንሽ ማውረድ ይበቃል።

3. ኦቨርድራይቭ፣ ዲስቶርሽንና ፈዝን አትቀላቅሉ

ኦቨርድራይቭ ጫፉን በለስላሳ ይቆርጣል፤ በቀስታ ስትነኩት ንጹሕ፣ ጠንከር ስታደርጉት ሻካራ ይሆናል። ዲስቶርሽን ስለት ያለው ነው፤ የጣትን ኃይል ልዩነት ይቀንሳል። ፈዝ ሞገዱን ወደ አራት ማዕዘን ያስጠጋዋል። ለዘፋኝ የሚያጅብ ባንድ ውስጥ የጣት ልዩነት መሰማት ስላለበት ኦቨርድራይቭን ያዙ።

4. «ብሌንድ» ያለውን ምረጡ

ከሁሉም ደረጃዎች አንድ ብቻ ለማንበብ ጊዜ ያለው ሰው ይህን ያንብብ።

ብሌንድ (በአንዳንዶቹ ላይ «ባላንስ» ተብሎ ይጻፋል) የቤዙን ንጹሕ ድምፅ ከሻከረው ድምፅ ጋር ጎን ለጎን የሚቀላቅል ማዞሪያ ነው። ለምን ያስፈልጋል? ጫፉ ሲቆረጥ በብርቱና በቀስታ በተመታ ድምፅ መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል፤ የመጀመሪያው ምት ጉልበት ይቀንሳል። ሃርሞኒኮቹ ስለጎሉም ታችኛው ከእነሱ አንጻር ትንሽ ሆኖ ይሰማል። ንጹሑ ድምፅ ከሥር ሲጨመር ምቱም ታችኛውም ይመለሳሉ፤ ሻካራው ከላይ ብቻ ይቀመጣል።

የሊድ ጊታር ፔዳሎች ለቤዝ የማይሆኑት በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። የታወቀውን የኢባኔዝ ቲዩብ ስክሪመር ውሰዱ። የውስጥ ሰርኪዩቱ ከ720 ሄርዝ ገደማ በታች ላለው ድምፅ ሙሉ ማጉላት አይሰጥም፤ መካከለኛው ሲጎላ ታችኛው ይቀራል። ለሊድ ጊታር ይህ ጥሩ ሥራ ነው፤ ጊታሩ ቤዙ ላይ እንዳይወጣ ያደርጋል። የቤዝ ዋና ድምፆች ግን ከ41 ሄርዝ ጀምረው ባብዛኛው ከ400 ሄርዝ በታች ናቸው፤ ሁሉም ከመስመሩ በታች ይወድቃሉ ማለት ነው።

ብሌንድ ከሌለው ምን ታደርጋላችሁ? ቢያንስ ለታችኛው ድምፅ የብቻው ማዞሪያ ይኑረው። ሁለቱም ከሌሉት ስሙ «ቤዝ» ቢባልም እለፉት።

5. የኤሌክትሪኩን ነገር አስቀድማችሁ ጨርሱ

አብዛኞቹ ፔዳሎች የሚሠሩት በ9 ቮልት ዲሲ፣ መካከሉ ኔጌቲቭ በሆነ አዳፕተር ነው። በመሰኪያው አጠገብ ያለውን የክብ ምልክት እዩ፤ መካከለኛው ነጥብ ወደ «−» ካመለከተ መካከሉ ኔጌቲቭ ነው። ቮልቱ ልክ መሆን አለበት። ሚሊ አምፔሩ ግን አዳፕተሩ ላይ የተጻፈው ፔዳሉ ከሚፈልገው እኩል ወይም በላይ ከሆነ ችግር የለውም፤ ፔዳሉ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው የሚወስደው።

*ማስጠንቀቂያ፦ ከአሜሪካ ዘመድ ይዞት የሚመጣ አዳፕተር አንዳንዱ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ነው። የኛ መብራት 220 ቮልት ስለሆነ ስትሰኩት ይቃጠላል፤ ፔዳሉንም ይዞት ሊሄድ ይችላል። አዳፕተሩ ላይ «100–240» የሚል ጽሑፍ ከሌለ አትሰኩት፤ 9 ቮልት አዳፕተር እዚሁ ግዙና ጫፉን በቴስተር ለክታችሁ አረጋግጡ።*

*ማስጠንቀቂያ፦ የራዲዮ ወይም የዋይፋይ 12 ቮልት አዳፕተር ጫፉ ልክ ስለገባ ብቻ አትጠቀሙ። መመሪያው ከ9 ቮልት በላይ ይችላል ካላለ ውስጡን ትጎዱታላችሁ።*

መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ የባትሪ ቦታ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። የ9 ቮልት አልካላይን ባትሪ አቅሙ 500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ገደማ ነው። 10 ሚሊ አምፔር የሚወስድ ፔዳል ወደ 50 ሰዓት ያሠራዋል፤ 50 የሚወስደው ግን 10 ሰዓትም ላይሞላ ይችላል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት በመግለጫው ላይ ስንት ሚሊ አምፔር እንደሚወስድ ፈልጉ። ርካሹ የዚንክ ባትሪ ከዚህ በጣም ያነሰ ያሠራል።

በጄኔሬተር በሚሠራ ዝግጅት ላይ ቮልቱ ስለሚወጣና ስለሚወርድ አዳፕተሩን በስታቢላይዘር በኩል ስኩ፣ ወይም ባትሪ ተጠቀሙ።

6. ዕጩዎቹን አጥብቡ

እስከዚህ ያሉትን መልሶች ይዛችሁ ወደ ሞዴሎች ግቡ። ጎላ ብለው የሚታወቁትን ብቻ ልዘርዝር።

ቴክ 21 ሳንሳምፕ ቤዝ ድራይቨር ዲአይ፦ ድራይቭ፣ ብሌንድ፣ ፕረዘንስ (የላይኛው ጫፍ ድምፅ)፣ ቤዝ፣ ትረብልና ሌቭል (የሚወጣው ድምፅ መጠን) ማዞሪያዎች አሉት። የማጉያና የካቢኔት ድምፅን በውስጡ ያስመስላል፤ ወደ ሚክሰር በቀጥታ የሚገባ የኤክስኤልአር (እንደ ማይክ ኬብል ባለ ሦስት እግር) መውጫም አለው። ያለ ማጉያ ለሚጫወት ሰው የመጀመሪያ ምርጫዬ ይህ ነው።

ቤህሪንገር ቢዲአይ21፦ የማዞሪያዎቹ አደራደር የሳንሳምፑን ይከተላል፤ ብሌንድም ኤክስኤልአርም አለው። ዋጋው በጣም ያነሰ ነው። አካሉ ፕላስቲክ ስለሆነ በመኪና ከከተማ ከተማ ለሚዞር ሰው በለስላሳ መያዣ መቀመጥ አለበት። ገንዘብ ለሚያጥረው ተማሪ ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ።

ቦስ ኦዲቢ-3፦ ብረት ነው፣ በባትሪ ይሠራል፣ ባላንስ ማዞሪያና የላይና የታች ድምፅ ማስተካከያ አለው። ድምፁ ግን ወደ ዲስቶርሽን ያዘነበለ ጠንካራ ነው፤ ጌይኑን (በዚህኛው ላይ የድራይቭ ማዞሪያው ስም ነው) በጣም ዝቅ አድርጎ መጀመር ያስፈልጋል። የኤክስኤልአር መውጫ ስለሌለው ለሚክሰር ዲአይ ቦክስ ይፈልጋል።

ኤምኤክስአር ኤም80 ቤዝ ዲአይ ፕላስ፦ ንጹሑና ሻካራው ለየብቻ ማብሪያ አላቸው። ብሌንድም ኤክስኤልአርም አለው።

ኤሌክትሮ-ሃርሞኒክስ ቤዝ ሶል ፉድ፦ ለስላሳ ኦቨርድራይቭ ነው፤ ብሌንድና ለአክቲቭ ቤዝ የሚሆን ፓድ አለው። የቤዝ ማጉያ ላላቸው ይመቻል።

ዳርክግላስ ቪንቴጅ ማይክሮቲዩብስና ቢ3ኬ፦ በፊንላንድ የተመሠረተ ኩባንያ ምርቶች ናቸው፤ ሁለቱም ብሌንድ አላቸው። የመጀመሪያው ለስለስ፣ ሁለተኛው ስለት ያለው ድምፅ ይሰጣል። የሚሠሩት በአዳፕተር ብቻ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ።

7. ሳትሞክሩ የምትገዙ ከሆነ

ደሴ ፒያሳ ወጥቶ ሦስት የቤዝ ፔዳል ጎን ለጎን ሞክሮ መምረጥ አይቻልም። ብዙዎቻችን ከአዲስ አበባ እናስመጣለን፣ ወይም ከውጭ የሚመጣ ሰው እንጠብቃለን። አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ የማይሆን ዕቃ መመለስ ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ስለዚህ ማዳመጡን እዚሁ ጨርሱት።

ሀ. የናሙና ቪዲዮዎችን በስልክ ስፒከር አትስሙ። ከላይ እንዳልኩት ስልክ ታችኛውን አያወጣም፤ ሊጠፋ የሚችለው ደግሞ ያው ታችኛው ነው። በማዳመጫ ስሙ።

ለ. ፔዳሉ የሚበራበትንና የሚጠፋበትን ቅጽበት ደጋግማችሁ አጫውቱ። ሲበራ ድምፁ ከፍ ካለ ፍርዳችሁ ይዛባል፤ ጆሮ ከፍ ያለውን ሁሉ «የተሻለ» ይለዋል። ድምፁን ከፍና ዝቅ እያደረጋችሁ ለማመጣጠን ሞክሩ።

ሐ. በጣት የተጫወተበትን ናሙና ፈልጉ። ብዙዎቹ በፕለክትረም (በፒክ)፣ አዲስ ክር ላይ የተቀረጹ ናቸው፤ በጣትና በአሮጌ ክር ለሚጫወት ሰው ያ ድምፅ አይወጣም።

መ. የሚገዛላችሁን ሰው በቃል አትንገሩት። የሞዴሉን ስም ሙሉውን ጻፉና ከፎቶ ጋር ላኩለት። ቦስ ኦዲ-3 የሊድ ጊታር ነው፤ ኦዲቢ-3 የቤዝ ነው፤ ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት። ሶል ፉድና ቤዝ ሶል ፉድም እንዲሁ ሁለት ዕቃዎች ናቸው። ሳንሳምፕ የሚል ስም ብቻውን አይበቃም፤ «ቤዝ ድራይቨር ዲአይ» የሚለው መኖር አለበት።

ያገለገለ ከሆነ ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ማዞሪያዎቹ ሲዞሩ ይንጫጫሉ ወይ? የባትሪው ቦታ ዝጎ ነበር ወይ? ሲረገጥ ሁልጊዜ ይበራል ወይ? የሚረገጠው ማብሪያ መጀመሪያ የሚያልቅ ዕቃ ነው። በአጭር ቪዲዮ ቀርጾ እንዲልክላችሁ ብትጠይቁት አይከፋም።

8. ሲደርሳችሁ በቅኝቶቻችን ፈትሹት

መጀመሪያ ቻናሉን ዝጉ ወይም ድምፁን ዜሮ አድርጉ፤ ከዚያ ሰክታችሁ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ክፍት ቻናል ላይ ጃክ ሲገባ የሚወጣው ጩኸት ስፒከር ይጎዳል።

መነሻው ይህ ይሁን፦ ድራይቭ ሩብ ላይ፣ ብሌንድ ግማሽ ላይ፣ የድምፅ ማስተካከያዎቹ መካከል ላይ። ሌቭሉን ፔዳሉ ሲበራም ሲጠፋም የሚክሰሩ መብራቶች እኩል እስኪወጡ ድረስ አስተካክሉ። ይህን ሳታደርጉ የሚደረግ ፈተና ሁሉ ዋጋ የለውም።

የመጀመሪያው ፈተና ወፍራሙን ኢ ክር ክፍት መትታችሁ ማብራትና ማጥፋት ነው። ስታበሩት ደረታችሁ ላይ የሚሰማው ነገር ከቀነሰ ብሌንዱን ወደ ንጹሑ አስጠጉ። ብሌንዱ ሦስት አራተኛ ንጹሕ ላይ ደርሶም ካልተመለሰ ፔዳሉ አይሆናችሁም።

ሁለተኛው በትዝታ ነው። በዝግታ አንድ ድምፅ መቱና እስኪሞት ጠብቁ። ጅራቱ ቀስ እያለ መጥፋት አለበት። መጨረሻው ላይ ከተቆራረጠ መጀመሪያ ባትሪውን ቀይሩ፤ ካልተለወጠ ፔዳሉ ላይ «ጌት» የሚባል ማብሪያ ካለ አጥፉት። የትዝታ ቤዝ ሥራው በረጅሙ ጅራት ላይ ስለሆነ ይህን በቸልታ አትለፉት።

ሦስተኛው በአምባሰልና በአንቺሆዬ ነው፤ የወሎ ቤዝ ተጫዋች ከሌላው የሚለየው እዚህ ነው። ኤን መነሻ ብታደርጉ አምባሰል ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ነው፤ አንቺሆዬ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ ሻርፕ ነው። ሁለቱም ከመነሻው ግማሽ ድምፅ ብቻ የሚርቅ ድምፅ አላቸው። ኤ ክር 55 ሄርዝ ነው፤ ቢ ፍላት 58.3 ነው። ኤ ክር ክፍት ሆኖ እየጮኸ በወፍራሙ ክር 6ኛ ፍሬት ላይ ቢ ፍላትን ብትመቱ ሁለቱ በሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል ይጋጫሉ። በንጹሕ ቤዝ ላይ ይህ ቀላል መንቀጥቀጥ ነው። ኦቨርድራይቭ ግን ሁለት ድምፆች አብረው ሲገቡበት የልዩነታቸውንና የድምራቸውን አዳዲስ ድምፅ ስለሚፈጥር መንቀጥቀጡ ወደ ጭቃ ይለወጣል። በአንጻሩ ኤንና በዲ ክር 2ኛ ፍሬት ላይ ያለውን ኢን (82.4 ሄርዝ) አብራችሁ ብትመቱ ልዩነታቸው 27.5 ሄርዝ ገደማ ይሆናል፤ እሱም ከኤው አንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለ ያው ኤ ስለሆነ ድምፁ ይወፍራል እንጂ አይበላሽም።

ከዚህ የሚወጣው ሥራ፦ በአምባሰልና በአንቺሆዬ ስትጫወቱ የማትመቱትን ክር በቀኝ አውራ ጣትና በግራ እጅ ጣቶች አፍኑ። አፍናችሁም ድምፁ የሚቀላቀል ከሆነ ድራይቩን ዝቅ አድርጉ። ለአምባሰል የሚመች ድራይቭ ለትዝታም ለባቲም ይመቻል፤ የተገላቢጦሹ ግን እውነት አይደለም። ስለዚህ ማዞሪያውን የምታቆሙት በአምባሰል ነው።

አራተኛው ፈጣን ምት ነው። ችክችካ ተጫወቱና እያንዳንዱ ምት ተለይቶ መሰማቱን አረጋግጡ። ከተያያዘ ድራይቩ በዝቷል።

9. ከባንዱ ጋር አስተካክሉ

ብቻችሁን ቤት ውስጥ ያማረ ኦቨርድራይቭ ከባንድ ጋር ሲገባ ብዙ ጊዜ ይጠፋል፤ ብቻውን ትንሽ የሻከረ የመሰለው ደግሞ ልክ ይመጣል። የኪቦርዱና የከበሮው ድምፅ ሻካራውን ይሸፍነዋል።

ኪቦርዲስቱ ግራ እጁን ታች ላይ የሚያሳርፍ ከሆነ ሁለት ቤዝ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ፔዳሉን ስትረግጡ እሱ ግራ እጁን አንድ ኦክታቭ እንዲያወጣ ወይም እንዲያነሣ ተነጋገሩ። ይህ ካልሆነ የትኛውም ዋጋ ያለው ፔዳል አያድናችሁም። ማሲንቆና ዘፋኝ ያሉበት ከሆነ ደግሞ መካከለኛው ድምፅ የነሱ ነው፤ የቶን ወይም የፕረዘንስ ማዞሪያውን ቦታ እስኪለቅላቸው ድረስ ቀንሱ። ሌላ ፔዳል ካላችሁ ቅደም ተከተሉ ቱነር፣ ኮምፕሬሰር፣ ኦቨርድራይቭ፣ ከዚያ ኮረስ ነው። ኮምፕሬሰሩ ቀድሞ ሲመጣ ድራይቩ በየክሩ እኩል ይሆናል።

*ማስጠንቀቂያ፦ ሃም የሚል ድምፅ ለማጥፋት ብላችሁ የማጉያውን ወይም የሚክሰሩን የመሬት እግር አትቁረጡ። ቤዙ በአንድ መስመር፣ የዘፋኙ ማይክ በሌላ መስመር ከሆነና አንዱ መሬት ከሌለው፣ ክሩን ይዛችሁ ከንፈራችሁ ማይኩን ሲነካ ኤሌክትሪክ በእናንተ ውስጥ ያልፋል። ይህ ሰው ይገድላል። ከመጫወታችሁ በፊት በማይኩ ብረትና በቤዙ ክር መካከል ያለውን ቮልት በቴስተር በኤሲ ለኩ፤ ጥቂት ቮልት እንኳ ካሳየ የመብራት ባለሙያ ሳያየው አትጀምሩ። ሃሙን ለማጥፋት በዲአይ ቦክሱ ላይ ያለውን «ግራውንድ ሊፍት» ተጠቀሙ፤ እሱ የሚቆርጠው የሲግናሉን ኬብል መሬት እንጂ የመብራቱን መሬት አይደለም።*

*ማስጠንቀቂያ፦ ሚክሰሩ ላይ 48 ቮልት ፋንተም (ሚክሰሩ በኬብሉ በኩል ለማይክ የሚልከው ኤሌክትሪክ) በርቶ ከሆነ የፔዳሉን ተራ መውጫ በቅያሪ ጃክ ወደ ኤክስኤልአር አታስገቡት። ዲአይ ቦክስ በመካከል ይግባ። የራሱ ኤክስኤልአር ያለው ፔዳልም ፋንተም የሚችል መሆኑን መመሪያው ላይ እዩ።*

*ማስጠንቀቂያ፦ የተቆረጠ ሞገድ አማካይ ኃይሉ ከንጹሑ ይበልጣል። ትንሽ ስፒከር በንጹሕ ቤዝ የቻለውን በኦቨርድራይቭ ላይችል ይችላል፤ ሌቭሉን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ።*

እጃችሁ ላይ ያለው የሊድ ጊታር ፔዳል ብቻ ከሆነ

ሁለት የሚክሰር ቻናልና ዲአይ ቦክስ ካላችሁ ብሌንዱን ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ቤዙን ዲአይ ቦክሱ ላይ ስኩ፤ ኤክስኤልአሩ ወደ አንደኛው ቻናል ይሂድ፤ ይህ ንጹሑ ነው። ከዲአይ ቦክሱ «ስሩ» (THRU) ከሚለው መውጫ ኬብል አውጥታችሁ ወደ ፔዳሉ፣ ከፔዳሉ ወደ ሁለተኛው ቻናል የላይን መግቢያ አስገቡ። በሁለተኛው ቻናል ላይ ታችኛውንና ላይኛውን ድምፅ ቀንሱ፤ መካከለኛው ብቻ ይቅር። መጀመሪያ ንጹሑን ብቻ አስተካክሉ፣ ከዚያ ሻካራውን ከሥር ቀስ ብላችሁ አውጡ።

ሁለቱ አብረው ሲከፈቱ ቤዙ ከቀጠነ ፔዳሉ ሞገዱን ገልብጦታል ማለት ነው። በሚክሰሩ ላይ ሞገዱን መልሶ የሚገለብጥ «ፌዝ» (PHASE) የሚባል ማብሪያ ካለ በአንዱ ቻናል ላይ ተጫኑት። የስልክ አፕ ወይም ዲጂታል መልቲ ኢፌክት ከሆነ ትንሽ ስለሚዘገይ በመገልበጥ ብቻ አይድንም፤ ለዚህ ሥራ አናሎግ ፔዳል ተጠቀሙ።

ደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

ጃኩን ሰክቶ ማደር። በአብዛኞቹ ፔዳሎች ባትሪውን የሚያገናኘው የመግቢያው ጃክ ነው፤ መብራቱ ባይበራም ባትሪው ያልቃል። ስትጨርሱ ንቀሉት። ለረጅም ጊዜ የማትጠቀሙበት ከሆነ ባትሪውን አውጡ፤ ፈሶ የውስጡን ብረት ይበላል።

ድራይቭን በመጨመር ድምፅን ለማሳደግ መሞከር። ካልተሰማችሁ የሚጨመረው ሌቭል ነው። ድራይቭ ሲበዛ ምቱ ይጠፋል፤ የበለጠ አትሰሙም።

በቤት ውስጥ በዝቅተኛ ድምፅ ታችኛውን ማብዛት። ጆሮ በዝቅተኛ ድምፅ ላይ ታችኛውን አሳንሶ ነው የሚሰማው። ቤት ውስጥ ልክ የመሰለው አዳራሽ ላይ ይጎርፋል። ታችኛውን የምታስተካክሉት በዝግጅቱ ድምፅ ከፍታ ነው።

ከዘፈኑ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብርቶ መተው። ለስልክ እንዲሰማ ብላችሁ በጣም ትንሽ ድራይቭ ካደረጋችሁ ይህ ይሠራል። ድራይቩ ከግማሽ በላይ ከሆነ ግን ለአዝማቹ ወይም ለጭፈራው ክፍል አስቀምጡት፤ ዘፋኙ ሲመለስ አጥፉት።

ማዞሪያዎቹን ሳይመዘግቡ መሄድ። በመኪና ላይ ይዞራሉ። ልክ ሲመጣላችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፣ ወይም በነጭ ፕላስተር ላይ ምልክት አድርጉ።